ወደ ወፍጮው መንገድ የታጠፈው

ግሌኒስ ሃርታግን ያገኛት ፖስተኛው ነው። በጀርባዋ ተኝታ፣ ሹራቧ ተጣጥፎ እንደ ትራስ ከራሷ ሥር ገብቶ፣ የባሕር ዛፉ ጥላ ፊቷ ላይ አርፎ ሲያይ ደክሟት ያረፈች መሰለው። «ዛሬ በቀቀኖቹ የሉም እንዴ?» ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቃት። መልስ ሲያጣ ከሞተር ብስክሌቱ ወርዶ ተጠጋ። ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ የተጨማደደውን ብስክሌቷን ያየው ያኔ ነው።

መርማሪ ሳጅን ኔሪዳ ካልድዌል ስትደርስም ያንኑ ይደጋግም ነበር። «አወራኋት እኮ። ሞታ አወራኋት።»

«ጥሩ አደረግህ» አለችው ኔሪዳ።

የወፍጮው መንገድ ከእህል ጎተራዎቹ አጠገብ ከዋናው አስፋልት ይገነጠልና፣ በስንዴ ማሳዎች መሃል ተጠማዝዞ፣ ወንዙን በአሮጌው መሻገሪያ አቋርጦ፣ ከድልድዩ ማዶ ሚራንጋ ከተማ መግቢያ ላይ ተመልሶ ከአስፋልቱ ጋር ይገናኛል። ኮረኮንች ነው፤ ሩቅም ነው። ወፍጮው ከፈረሰ ወዲህ በዚያ የሚያልፉት ፖስተኛው፣ ገበሬው ቪንስ ባራታ፣ እና ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ወፎች ለማየት የምትወጣው ጡረተኛዋ ነርስ ግሌኒስ ብቻ ነበሩ።

ኔሪዳ አቧራው ላይ ቁጢጥ አለች። የፍሬኑ ምልክት የሚጀምረው ሴትዮዋ ከተመታችበት ቦታ አልፎ ነው። ነጂው ሳያያት ነው የመታት። ከዚያ ቆሟል። ወርዷል። የጫማው ዱካ እየሮጠ መጥቷል፤ አጠገቧ የሁለት ጉልበት ምልክት አለ። ከፀሐይ አንሥቶ ጥላ ሥር አስተኝቷታል፣ የራስ መከላከያዋን አውልቆ ጎኗ አስቀምጧል። ዱካው ሲመለስ ግን አይሮጥም።

በሥራ ዘመኗ ገጭተው ያመለጡ ብዙ አይታለች። ትራስ አንተርሶ ያመለጠ ግን አይታ አታውቅም።

ከብስክሌቱ ሥር የተሰበረ የስፖኪዮ ሽፋን አገኘች፤ የእጅ መዳፍ የምታክል፣ ብርማ ቀለም ያላት ቁራጭ።

የትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን ኮሊን ዱጋን ከድልድዩ በኩል መጥቶ ቆቡን አወለቀ። «ጠዋቱን ሙሉ ድልድዩ ላይ ራዳር ይዤ ቆሜ ነበር» አለ። «ያን ያህል ቅርብ ሆኜ ምንም አልሰማሁም።»

*

የግሌኒስን ባል ዴዝሞንድ ሃርታግን በሚራንጋ የማያውቃቸው የለም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ነው ያረጁት፤ ኔሪዳንም ከነደብተሯ ያመላለሷት እሳቸው ናቸው። አገሩ ሁሉ ዴስ ይላቸዋል።

ቤታቸው ስትደርስ አረንጓዴው ፒክአፕ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ የዶሮ መኖው ጆንያ ገና አልወረደም። ዴስ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። አፏን ሳትከፍት፣ «ግሌን ናት አይደል?» አሉ።

ነገረቻቸው። አላለቀሱም። ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ያዞሩት ጀመር።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ ዴስ? መጠየቅ ስላለብኝ ነው።»

«ከተማ። መኖ ልገዛ። ስመለስ ድልድዩ ላይ ኮሊንን አይቼ እጄን አነሣሁለት። ከዚያ ቤቴ ገባሁ።» ባርኔጣውን ማዞር አቆሙ። «እኔ ነኝ የገደልኳት፣ ኔሪ።»

«እንዲህ አይበሉ።»

«በአስፋልቱ አትሂጂ፣ ከባድ መኪና ይበዛዋል፣ በወፍጮው ሂጂ፣ እዚያ ማንም የለም አልኳት። ማንም የለም ብዬ እኮ ነው የላክኋት!»

ኔሪዳ እጃቸውን ያዘች። እንዲህ ያለውን ጸጸት በሥራዋ ለምዳዋለች፤ ሰው የሞተበት ሁሉ የራሱን አንድ ጥፋት ፈልጎ አያጣም። ስለዚህ አጥብቃ አልጠየቀቻቸውም። ኋላ ላይ ይህን ባሰበች ቁጥር ራሷን ትወቅሳለች።

*

ቪንስ ባራታ ከግሌኒስ ጋር ተጣልቶ ነበር። በቀቀኖች የሚፈለፍሉባቸውን አሮጌ ባሕር ዛፎች ቆርጦ፣ እሷ ማዘጋጃ ቤት ከስሳው፣ ተቀጥቷል። ያን ሰሞን መጠጥ ቤት ውስጥ፣ «ያቺን ብስክሌት አንድ ቀን ቦይ ውስጥ ታገኟታላችሁ!» ሲል ግማሹ ከተማ ሰምቷል።

ፒክአፑ ብርማ ነበር። የግራ ስፖኪዮው ተሰብሯል። ከፊት ያለው ፓራውልቱ ላይ የደረቀ ደም አለ።

«የካንጋሮ ነው» አለ ቪንስ።

«መቼ የገጨኸው?»

«ሰሞኑን።»

«ስፖኪዮውስ?»

«የበሩ ምሰሶ።»

«አንተ የማትገጨው ነገር የለም ማለት ነው።»

«እርሻ ነው እኮ! መኪናዬን እንደ ሙሽራ አልይዘው!»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ማሳ ላይ። ስዘራ።»

ኔሪዳ ከኋላው የቆመውን መዝሪያ ማሽን አየች። ማሽኑና ትራክተሩ የሚያያዙበት ቦታ ላይ ሸረሪት ሰፋ አድርጎ ድሩን አድርቷል። «ሸረሪቱም አብሮህ ሲዘራ ነበር?» አለችው።

ቪንስ ፊቱ ደም መሰለ። «መኪናውን ከፈለግሽ ውሰጂው። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልናገርም።»

ወሰደችው። ተጎታች አስመጥታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ፣ በዳቦ ቤቱና በመጠጥ ቤቱ ፊት አስጎተተችው። በማግሥቱ የቪንስ በር ላይ በቀይ ቀለም «ገዳይ» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ሚስቱ ካርሜላ ገበያ ሄዳ ሻጯ ሳትሸጥላት ፊቷን አዞረችባት።

ኔሪዳ ምርመራው የት እንደደረሰ ለዴስ ልትነግር ስትሄድ ሽማግሌውን ዶሮዎቹ መሃል ቆመው አገኘቻቸው። መኖው አሁንም ከመኪናው አልወረደም።

«የቪንስን መኪና እያስመረመርን ነው» አለቻቸው።

ዴስ ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። «ቪንስ አይደለም።»

«ዝቶባት ነበር እኮ።»

«ቪንስ አፉ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ተይው ልጄ። ያ የቫን ነጂ ይሄኔ የት እንደደረሰ ማን ያውቃል።»

«የሚፈልጉት ነገር አለ? ምግብ ላምጣ?»

«የሰው ምግብ ሞልቶኛል። ሰዉ ሁሉ ምግብ እያመጣ ያለቅሳል። እኔ ምን አድርጌ?» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

*

ካርሜላ ባራታ ጣቢያው ድረስ መጣች። ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ባሌ ያን ቀን ጠዋት ሌላ ከተማ ሐኪም ዘንድ ነበር። አብሬው ነበርኩ። ሐኪሙን ጠይቂ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኝ?»

«መርሳት ጀምሯል። የበሩን ምሰሶ የገጨውም ለዚያ ነው፤ በሩ የት እንዳለ ጠፋው። ልጆቹ ከሰሙ እርሻውን ይወስዱብኛል ብሎ ይፈራል።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ጃጀ ከሚሉት ነፍሰ ገዳይ ቢሉት ይሻለዋል። አንቺ ደግሞ ይኸው አስባልሽልኝ።»

ሐኪሙ አረጋገጠ። ደሙም የካንጋሮ ሆኖ ተገኘ። ኔሪዳ መኪናውን በማለዳ፣ ሰው ሳይወጣ መለሰችለት፤ መልሳ ግን አፈረች። ስትወስደው በቀን፣ ስትመልሰው ተደብቃ።

በዚያው ሰሞን ከምርመራ ክፍል ውጤት መጣ። የስፖኪዮው ቁራጭ ከፒክአፕ አይደለም። ከዕቃ ጫኝ ቫን ነው።

«አንድ የማያገባው ቫን የወፍጮው መንገድ ላይ ምን ይሠራል?» አለችው ኮሊንን። «ጎማ ይበላል፣ ጊዜ ይበላል፣ የትም አያደርስም።»

ኮሊን አገጩን አሸ። «የትም አያደርስም አትበይ። ከድልድዩ ያስመልጣል።»

«ያንተን ራዳር ማለትህ ነው?»

«ጎተራው ጋ አንድ ሰው ላቆም አስቤ ነበር። ሰው አነሰኝ። ከዛሬ ነገ እያልኩ ተውኩት።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «ማታ ማታ ስለ እሱ ነው የማስበው።»

«ጎተራው ጋ ሆኖ ግን ሊያይህ አይችልም። የት እንዳለህ ማን ነገረው?»

ለዚህ ጥያቄ ከተማው አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሊኔት የከፈተችው፣ ነዋሪው በስልኩ የሚጻጻፍበት የኢንተርኔት ገጽ። ፖሊስ የት እንደቆመ ሁሉም እዚያ ይጽፋል። ሊኔት ብርጭቆ እያጠበች ተቀበለቻት።

«እናንተ ከዛፍ ኋላ ስትደበቁ ሕግ ነው፣ እኛ ስንነጋገር ወንጀል ሆነ?»

«ወንጀል ነው አላልኩም።»

«ሰው ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ፍጥነት ይቀንሳል። መቀነሱን አይደል የምትፈልጉት? ወይስ ቅጣቱን?»

«የሚቀንስም አለ» አለች ኔሪዳ። «መንገድ የሚቀይርም አለ።»

ሊኔት እጇን አደራርቃ ስልኳን ከፈተች። የዚያን ቀን ስለ ድልድዩ የጻፈ ሰው ነበር፤ የጻፈው ግን ፖስተኛው ግሌኒስን ካገኛት በኋላ ነው። ሊኔት ትልቅ ትንፋሽ አወጣች። «እኔ አይደለሁም ማለት ነው» አለች፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች መሰል፣ ያጠበችውን ብርጭቆ እንደገና አጠበች። «ያስጠነቀቀው ካለ መንገድ ላይ ነው። በመኪና መብራት፣ በፓውዛ። ድሮም እንደዚያ ነው የምናደርገው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ዴስ ፖሊስ ባዩ ቁጥር የአውቶቡሱን መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጉ ነበር፤ ከፊት የሚመጣው ነጂ በምስጋና እጁን ሲያነሣ አውቶቡሱ ሙሉ ልጅ ያጨበጭባል። ከሁሉም አስበልጣ የምትጮኸው ኔሪዳ ነበረች።

*

ከጎረቤት ከተማ ጋራዥ ብርማ የቫን ስፖኪዮ የገዛ ሰው ተገኘ። ኦወን ትሬሎር ይባላል፤ በየመንደሩ ዳቦ የሚያከፋፍል ረጅም፣ ጎንበስ ያለ ሰው። ኔሪዳ ወደሚሠራበት ዳቦ ቤት ጓሮ ስትገባ የያዘውን ትሪ አስቀመጠ።

«ቶሎ ትመጣላችሁ ብዬ ነበር» አለ። «ለምን ዘገያችሁ?»

ጣቢያ ወስዳው ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሳትጠይቀው ያወራ ጀመር።

«መንጃ ፈቃዴ ታግዷል። ከፍጥነት በላይ በመንዳቴ ነው የታገደው። ለአሠሪዬ አልነገርኩትም፤ ብነግረው ያባርረኛል። ያን ቀን በዝግታ ነበር የምነዳው፣ በእናቴ ስም! አስፋልቱ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ነበር የምሄደው።»

«ታዲያ?»

«ጎተራው ጋ ልደርስ ስል ከፊት የመጣ መኪና ሦስት ጊዜ መብራት ብልጭ አደረገልኝ። ፖሊስ አለ ማለት ነው። ካቆሙኝ አለቀልኝ። በኮረኮንቹ ታጠፍኩ። መንገዱን አላውቀውም፤ ረጅም ሆነብኝ፣ ዳቦው ዘገየብኝ፣ ነዳጁን ረገጥኩት። ኩርባው ላይ ፀሐይዋ ፊቴ ላይ ወጣች።» እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት።»

«በሕይወት ነበረች?»

«አልነበረችም። ትንፋሽ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ፀሐይ ላይ ልተዋት አልቻልኩም። መደወልም አልቻልኩም። ስልኩን ይዤ ቆሜ… አልደወልኩም።»

ኔሪዳ ውኃ ሰጠችው። «መብራት ያሳየህን መኪና ታስታውሰዋለህ?»

«አሮጌ አረንጓዴ ፒክአፕ። ኋላው ላይ ጆንያ ጭኗል። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። እጄን አነሣሁላቸው፣ እሳቸውም ፈገግ አሉ።» አንገቱን ደፋ። «ባይነግሩኝ ኖሮ ሥራዬን ብቻ ነበር የማጣው። ሌሊቱን ሙሉ እሳቸውን እረግማለሁ። ከዚያ ደግሞ እላለሁ፣ ምን አደረጉ? ደግ ሰው ናቸው። የነዳሁት እኔ ነኝ።»

ኔሪዳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያ የቫን ነጂ፣ ብለዋት ነበር ዴስ። ያኔ የምርመራ ክፍሉ ውጤት ስላልመጣ፣ ቫን መሆኑን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

*

«ተይው» አለ ኮሊን። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የዴስ ቤት ከሩቅ ይታያል። «ገጪው ተናዟል። መብራት ማብራት ቅጣቱ ኢምንት ነው። ሽማግሌውን በቁማቸው መግደል ምን ይጠቅማል?»

«የኦወን ቃል ፍርድ ቤት ይነበባል። እዚያ ሰው መሃል ቁጭ ብለው ይስሙት?»

«ጠበቆቹ ላያነሡት ይችላሉ።»

«ሊያነሡትም ይችላሉ። ደግሞ ቫኑን አይተዋል፣ ኮሊን። አይተው ዝም ብለዋል። ቪንስ በራፉ ላይ ያ ቃል ሲጻፍበት ዝም ብለዋል።»

«አንቺስ በእሳቸው ቦታ ብትሆኚ ትናገሪ ነበር?» አለ ኮሊን።

ኔሪዳ ከመኪናዋ ወርዳ ብቻዋን ሄደች።

ዴስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የግሌኒስን የርቀት መነጽር በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። ሲያዩዋት መወልወላቸውን አቆሙ።

«ያዝነው» አለች። «ኦወን ትሬሎር ይባላል። ዳቦ አከፋፋይ ነው።»

«ብርማ ቫን» አሉ ዴስ።

«አዎ።»

«እጁን አነሣልኝ።» ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «በመስታወቴ አየሁት። ጎተራው ጋ ሲደርስ ታጠፈ። እኔ ሳቅኩ፣ ኔሪ። ብልጥ ነው፣ ገባው፣ ብዬ ሳቅኩ። ግሌን እዚያ መንገድ ላይ እንዳለች ረስቼ አይደለም። አውቃለሁ። በየቀኑ እዚያ ናት። ሁለቱ ነገር ግን በጭንቅላቴ ውስጥ አልተገናኘም።»

«መቼ ገባዎት?»

«ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስጠብቃት፣ ስትዘገይብኝ። አንቺ ስትመጪ አውቄ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርሽ አፌን እከፍታለሁ፣ 'በወፍጮው ላክኋት' የሚለው ይወጣል። እሱም እውነት ነው። እሱን ሲሰሙ ሰዎች ያቅፉኛል። ሌላውን ቢሰሙስ?» መነጽሩን ከፊታቸው ገፉ። «በሕይወቴ ሙሉ ለሰው የማስብ መስሎኝ ነበር። ምስኪን ደመወዝተኛ ለምን ይቀጣል፣ ሰው ለሰው ነው እያልኩ። መብራቴን የማበራለት ሰው ማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። የሰከረ ይሁን፣ የታገደ ይሁን፣ ልጅ ሰርቆ የሚሄድ ይሁን። እጁን ካነሣልኝ ይበቃኝ ነበር።»

ኔሪዳ «የነዳው እሱ ነው» ልትል ፈለገች። የአውቶቡሱን ልጆች ጭብጨባ፣ የራሷንም ጩኸት ጆሮዋ ውስጥ ሰማችና ተወችው።

«ቃልዎን የመስጠት ግዴታ አለብዎት» አለች። «ስለ ቫኑ። ስለ መብራቱ ግን…»

«ሁሉንም ጻፊው።»

«ዴስ፣ ከተማው…»

«ጻፊው አልኩሽ! መሳቄንም ጻፊው።»

ጻፈች። ዴስ ፈረሙ። ከዚያ ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። «አሁን ቪንስ ዘንድ ውሰጂኝ። መንዳት አልችልም።»

*

ቪንስ በራፉ ላይ ተንበርክኮ ቀዩን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ይፍቅ ነበር። ኔሪዳን ሲያይ አልተነሣም።

«ደግሞ ምን ልትወስጂ መጣሽ?»

«ይቅርታ ልልህ ነው» አለች። «በዚያ መንገድ መኪናህን ማስጎተት አልነበረብኝም።»

«አልነበረብሽም» አለና መፋቁን ቀጠለ።

ዴስ ከመኪናው ወርደው ከፊቱ ቆሙ። አልተቀመጡም፣ አጥሩንም አልተደገፉም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩት፤ ፓውዛውን፣ መስታወቱን፣ ሳቁን፣ ዝምታውን። ቪንስ ብሩሹን እንደያዘ ሰማቸው። ካርሜላ ከበረንዳው ወርዳ ከባሏ ኋላ ቆመች።

«እኔ እንዳልሆንኩ ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር» አለ ቪንስ።

«አውቅ ነበር።»

«ሚስቴ ገበያ መሄድ ተወች። አንተ ቤት ሰው ምግብ ተሸክሞ ሲመላለስ፣ እኔ ቤት ድንጋይ ነበር የሚወረወረው።»

«አውቃለሁ ቪንስ።»

«ውጣልኝ።» ድምፁ ከፍ አላለም። «ከደጄ ውጣልኝ። ሁለተኛ እዚህ በር እንዳላይህ።»

ዴስ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ዞሩ። ኔሪዳ የመኪናውን በር ከፈተችላቸው። ሊገቡ ጎንበስ ሲሉ ቪንስ ከኋላ ተጣራ።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ» አሉ ዴስ፣ ሳይዞሩ። «ከቀትር በፊት።»

ቪንስ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጣለው። «እመጣለሁ» አለ። «የምመጣው ግን ለእሷ ነው።»